የመኪና ዓይን ሲታወር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መኪና የፊት መብራት ነው። «መኪና የለን፤ ይህ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። መኪና ባይኖረን በመኪና እንሄዳለን። እህላችንን አይሱዙ ላይ ጭነን ጎንደር እንወስዳለን። በሽተኛ በባጃጅ ጤና ጣቢያ እናደርሳለን። ልጆቻችንም ባጃጅ ይነዳሉ። ስለዚህ የመኪናው መብራት የእኛም ጉዳይ ነው።

አገራችንን እናውቃታለን። ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚደርሰው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በክረምት ወገራ ላይ ጉም ሲወርድ ፊት ለፊት የሚመጣ ሰው እንኳ በቅጡ አይታይም። ከደባርቅ ወዲያ ደግሞ ሊማሊሞ አለ። ይህ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተሠራ መንገድ ገደሉን ይዞ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ይወርዳል። እዚያ ላይ በሌሊት መብራቱ የጠፋ መኪና፣ ዓይኑን ጨፍኖ በገደል አፋፍ እንደሚሄድ ሰው ነው።

ታዲያ መብራት ለምን ይጠፋል?

ነገሩን በመስኖ እንመስለው። ውሃ ከምንጭ ይነሳል፤ በቦይ ይሄዳል፤ ማሳ ይደርሳል። ማሳው ደርቆ ብናገኘው ማሳውን አንቆጣም። ቦዩን ተከትለን እንሄዳለን። ምንጩ ነጥፎ ይሆን? ቦዩ ተንዶ ይሆን? ወይስ መክፈቻው ተዘግቶ? እያልን እንፈትሻለን። ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። ምንጩ ባትሪው ነው። ቦዩ ሽቦው ነው። መክፈቻው ማብሪያ ማጥፊያው ነው። ማሳው አምፑሉ ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ። ውሃው ማሳ ውስጥ ይቀራል፤ ኤሌክትሪክ ግን ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። የሚመለሰውም ባብዛኛው በመኪናው ብረት በኩል ነው። መመለሻው ከተቋረጠ፣ መሄጃው ደህና ቢሆንም አምፑሉ አይበራም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ የጠፋው አንዱ ነው ወይስ ሁለቱም?

አንዱ ብቻ ከጠፋ ባትሪው ደህና ነው ማለት ነው። ባትሪው ቢሞት ኖሮ ሌላውም ባልበራ ነበር። ጥፋቱን እዚያው በጠፋው መብራት ዙሪያ እንፈልግ። ወይ አምፑሉ ተቃጥሏል፤ ወይ መሰኪያው ላልቷል፤ ወይ መመለሻው ሽቦ ብረቱን የሚነካበት ቦታ ዝጓል። በአንዳንድ መኪና የግራውና የቀኙ ፊውዝ ለየብቻ ስለሆነ እሱም ይታያል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የጠፋውን አምፑል አውጥቶ በሚበራው በኩል መክተት ነው። እዚያም ካልበራ አምፑሉ ተቃጥሏል። እዚያ ከበራ ግን አምፑሉ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ሽቦው ጋ ነው።

ሁለቱም ከጠፉስ? ሁለት አምፑል ባንድ ጊዜ የሚቃጠለው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ወደ ምንጩ እንሂድ። ጥሩምባው ይጮኻል? ካልጮኸ ባትሪው ይታይ። በባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ገመዱ ተፈትቶ ይጸዳል። ዱቄቱ ስለሚያቃጥል ዓይን እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ባትሪ አጠገብ ክብሪት አይጫርም፤ ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል።

ጥሩምባው ከጮኸ ግን ፊውዙ ይታይ። ፊውዝ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ቦታ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ቦዩ እንዳይናድ ውሃውን የምናስተነፍስበት ቦታ የለንም እንዴ? ፊውዝም ኤሌክትሪክ ሲበዛ ራሱ ቀልጦ ሽቦውን ያድናል። ቁጥር ማንበባችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በፊውዙ ጀርባ ላይ 10፣ 15፣ 20 የሚል ቁጥር ተጽፏል። 15 ከነበረ በቦታው 15 ይገባል እንጂ 30 አይገባም። ፊውዝ አጣሁ ብሎ በሽቦ ማያያዝ ወይም የሲጋራ ብር መጠቅለል እሳት መጥራት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አዲሱም ፊውዝ ወዲያው ከቀለጠ፣ የሆነ ቦታ ላይ ሽቦ ተልጦ ብረት ነክቷል ማለት ነውና ለመካኒክ ይሰጥ።

ይህ ነገርን ለያይቶ የመጠየቅ ዘዴ የትም አገር ያለ ነው። በውጭ አገር መብራታቸው እንደ ዓይን ቆብ የሚከደንና የሚገለጥ የስፖርት መኪናዎች ተሠርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካ ውስጥ በወጣው ኮርድ በተባለው መኪና፣ መብራቱ የሚወጣው በእጅ በሚዞር መዘውር ነበር። ኋላ ግን የማንሳቱን ሥራ የኤሌክትሪክ ሞተር ተረከበው። ከ1989 እስከ 1997 የተሠራው የጃፓኑ ማዝዳ ኤምኤክስ-5ም እንዲህ ነበር። ይህን መሰል አሮጌ መኪና ሲበላሽ ጥያቄው ሁለት ነው። ዓይኑ አልተገለጠም? ወይስ ተገልጦ አላየም? ካልተገለጠ ጥፋቱ ማንሻው ሞተር፣ የሱ ፊውዝ፣ ወይም የዛገው ክንድ ነው። በማዝዳው ኮፈኑን ከፍቶ የሞተሩን መዘውር በእጅ በማዞር ማንሳት ይቻላል። ተገልጦ ካልበራ ግን ነገሩ የአምፑልና የሽቦ ነው። ይህን ሳይለይ ዕቃ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያጠፋል።

አምፑል የሚቀይር ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። መጀመሪያ መብራቱን አጥፍቶ አምፑሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቅ። ቀጥሎም የአዲሱን አምፑል መስታወት በባዶ እጁ አይንካ፤ በንጹሕ ጨርቅ ይያዘው። የእጅ ቅባት ያረፈበት ቦታ ከመጠን በላይ ይግልና አምፑሉ ቶሎ ይቃጠላል።

እኛ ተሳፋሪዎችስ? የእኛም ድርሻ አለ። እህል ስንጭን ክብደቱን ሁሉ ወደ ኋላ አንከምር። ኋላው ሲጫን የመኪናው ፊት ቀና ይላል፤ መብራቱም መንገዱን ትቶ የመጪውን ሾፌር ዓይን ያጠፋል። በጉም ጊዜ ረጅሙ መብራት ጉሙ ላይ ተመልሶ ሾፌሩን ራሱን ያሳውረዋል፤ አጭሩ ይሻላል። በአገራችን መኪና ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ፣ በተለይ የግራው መብራት መጥፋት አደገኛ ነው። ከፊት የሚመጣው ሾፌር የቀኙን ብቻ አይቶ ሞተር ብስክሌት መጣ ይላል፤ የመኪናውን ጎን ሳያይ ይጠጋል።

እንግዲህ አመሻሽ ላይ ከመሳፈራችን በፊት ወደ መኪናው ፊት ዞር ብለን እንይ። ጭቃ ከሸፈነው ይጠረግ። አንዱ ከጠፋ፣ «ልጄ፣ የግራ መብራትህ አይበራም፤ ሳንነሳ አሠራው» እንበል። ሾፌሩ ቢቸኩልም አንፈር። የምናስጠብቀው ሂሳብ የከፈልንበትን ወንበር ብቻ አይደለም፤ ነፍሳችንንም ነው።