ዱባችን ለምን ይረግፋል?
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ክረምት በየጓሯችን የተከልነው ዱባ ሐረጉ አጥሩን አልብሶ፣ አበባው ደምቆ ሳለ ፍሬው ግን አውራ ጣት ሲያህል እየጠወለገ መርገፉን ሁላችንም እናውቃለን። «ዓይን በላው» አልን። አልፈን ተርፈንም ጎረቤት ጠረጠርን፤ ሁለት ቤተሰቦች ቡና መጠራራት እስከ መተው ደረሱ። ነገ አንድ ድንኳን ሥር የምንቀመጥ ሰዎች በእንጭጭ ዱባ መኰራረፋችን ያሳፍራል። ጉዳዩን ዛሬ ያነሣነውም ስለዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዱባ፣ ዝኩኒና ኪያር በአንድ ሐረግ ላይ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ያወጣሉ። ወንዴው በቀጭን ዘንግ ላይ ይቆማል፤ ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ፍሬ ይዛ ትታያለች። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያብበው ወንዴው ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ አበቦች ባዶአቸውን ቢረግፉ አያስደነግጥም። ሴቴዋ ከነፍሬዋ ስትረግፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ የወንዴው ዱቄት አልደረሳትም ማለት ነው። ዱቄቱ ከባድና የሚጣበቅ በመሆኑ ነፋስ አያደርሰውም፤ ንብ ያስፈልገዋል። ንብ ደግሞ ዝናብ ሲጥል ከቀፎዋ አትወጣም።

ታዲያ ጥፋቱ የዝናቡ ብቻ ነው? አይደለም። ለጎመን ትል ብለን ማለዳ መድኃኒት የረጨነው እኛው ነን። አበባው ላይ ያረፈችውን ንብ በገዛ እጃችን ገድለን ጎረቤት ከሰስን!

መላው ቀላል ነው። የዱባ አበባ ጎሕ ሲቀድ ተከፍቶ እኩለ ቀን ሳይሞላ ይከደናል፤ ሴቴዋም የምትከፈተው ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ከጧቱ 3 ሰዓት በፊት፣ የዕለቱን ወንዴ አበባ ቀጥፎ፣ ዙሪያውን ያለውን ቢጫ ቅጠል ገንጥሎ፣ መሐሉ ላይ ያለውን ዱቄት በሴቴዋ አበባ መሐል ቀስ አድርጎ መቀባት ነው። አንዱ ወንዴ ለሁለት ሴቴ ይበቃል። ዱባ ለዱባ፣ ኪያር ለኪያር ይሁን፤ የዱባው ዱቄት ለኪያር አይሆንም። ፍግም አናብዛ፤ ቅጠል ያበዛል እንጂ ፍሬ አያበዛም። መድኃኒት መርጨት ግድ ከሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ ይሁን።

ከተኳረፉት ቤተሰቦች የአንደኛው ቤት እናት በነሐሴ መጨረሻ ይህንኑ ሞክረው በኅዳር ሦስት ዱባ አነሡ። አንዱን ታቅፈው ያኰረፉት ጎረቤታቸው ደጅ ሄዱ። ዕርቁም በዱባ ወጥ ተፈጸመ።