ስለ ካፕሮኒ አይሮፕላን ሞዴል አሠራር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



ወደዚህ አዳራሽ ስትገቡ አብዛኞቻችሁ ቀና ብላችሁ ወደ ጣሪያው እንደ ተመለከታችሁ አይተናል። ሕፃናትም ጣታቸውን ቀስረው ወላጆቻቸውን ሲጠይቁ ሰምተናል። በአራት ሽቦ ተንጠልጥሎ የምታዩት ነገር ካፕሮኒ 133 የተባለው የኢጣልያ ቦምብ ጣይ አይሮፕላን ሞዴል ነው። ሰባት ሆነን፥ ከጥቅምት እስከ ግንቦት፥ ቅዳሜ ቅዳሜና ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሠርተነዋል። ዛሬ ስለ አሠራሩ እንድንናገር ስለ ታዘዝን፥ የሆነውን ሁሉ ስሕተታችንን ሳንደብቅ እንገልጻለን።

ሐሳቡ የተነሣው በታሪክ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህራችን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች ይህችን የደሴን ከተማ እንደ ደበደቡ፥ ቤቶች እንደ ተቃጠሉ፥ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካኖች ሆስፒታል እንኳ እንዳልተረፈ አስረዱን። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ያን ጊዜ በዚሁ በደሴ ሆነው መትረየስ ይዘው የተነሡትንም ፎቶግራፍ አሳዩን። ከመካከላችን አንዱ እጁን አውጥቶ፥ «የኔታ፥ አይሮፕላኑስ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ጠየቀ። መምህራችን በጠመኔ አንድ ነገር ሣሉ፤ ነገር ግን ከአይሮፕላን ይልቅ ዓሣ ይመስል ስለ ነበር ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፥ እርሳቸውም ሳቁ። «እንግዲያስ እናንተ ሠርታችሁ አሳዩኝ» አሉን። ነገሩ በዚህ ተጀመረ።

ሥራውን ሁሉም በደስታ አልተቀበለውም። ከእኛው መካከል የመንገደኛ አይሮፕላን እንሥራ ያሉ ነበሩ። ከወላጆችም አንድ አባት፥ «ጠላት የገደለበትን መሣሪያ ቀለም ቀብታችሁ ታስጌጡታላችሁን?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ከብዶን ዝም አልን። በእውነቱ ከሆነ፥ በዚያን ጊዜ ልባችንን የሳበው ትልቅ ነገር በእጃችን መሥራቱ ብቻ ነበር።

አሁን ስለ አይሮፕላኑ ጥቂት እንናገር። ካፕሮኒ 133 በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከወረሩት የኢጣልያ አይሮፕላኖች አንዱ ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 21 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር፥ ርዝመቱ 15 ሜትር ከ36 ሳንቲ ሜትር ነው። አንዱ በአፍንጫው፥ ሁለቱ በክንፎቹ ሥር ሆነው ሦስት ሞተሮች አሉት፤ የእያንዳንዱ ኃይል 460 የፈረስ ጉልበት ነው። አጽሙ ከተበየደ የብረት ቱቦ ነው፤ አብዛኛው ሽፋኑ ግን ሸራ ነው። የኢጣልያ አብራሪዎች ራሳቸው «ቫካ» ማለት ላሚቱ ይሉት ነበር። በሰዓት ወደ 265 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚበር ፈጣን የሚባል አልነበረም። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ ተዋጊ አይሮፕላኖች በገጠሙት ጊዜ በቀላሉ ይመታ ነበር። በ1928 ግን በአገራችን ሰማይ ላይ የሚገጥመው አልነበረም። ኢትዮጵያ የነበሯት አይሮፕላኖች ጥቂቶች ናቸው፤ ለመልእክትና ሰው ለማመላለስ እንጂ ለውጊያ የሚሆኑ አልነበሩም።

እኛ የሠራነው የእውነተኛውን አንድ አሥረኛ ነው። ስለዚህ ክንፉ 2 ሜትር ከ12፥ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ54 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ሥዕሉንና ልኩን ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት አገኘን። አጽሙን ከቀርከሃና ከቀጭን የባሕር ዛፍ ጣውላ ሠራን፤ ሽፋኑን አቡጀዲ አደረግን። አቡጀዲውን ወጥረን በውሃ የቀጠነ ኮላ ስንቀባው ሲደርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ይጠነክራል። ነገር ግን በመጋቢት የበልግ ዝናብ በመጣ ጊዜ የግራው ክንፍ ሽፋን እርጥበት ስቦ ረገበ፤ ገፈን እንደ ገና ለመወጠር ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

ሞተሮቹ እያንዳንዳቸው እንደ ኮከብ ዙሪያውን የተደረደሩ ሰባት ሲሊንደሮች አሏቸው። እንግዲህ 21 ሲሊንደር ያስፈልጋል ማለት ነው። ከዋንዛ እንጨት 21 ቁራጮች ቆርጠን በእያንዳንዱ ላይ ሲባጎ በጥብቅ ጠመጠምንበትና ጥቁር ቀለም ቀባነው። ከሩቅ ሲያዩት ልክ የብረት ክንፍ ክንፍ ያለው ሲሊንደር ይመስላል። በሥራው ሁሉ ከምንኮራባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ዋጋውም የሲባጎው ብቻ ነው።

የማንኮራበትን ደግሞ እንናገር። ክንፉን ከገላው ጋር በኮላና በምስማር ካጣበቅነው በኋላ ከሥራ ቤቱ ልናወጣው ብንሞክር በበሩ አላልፍ አለ። በጎን ብናዞረው ጅራቱ ይይዛል፥ ብናቆመው መንኮራኩሩ ይይዛል። የሒሳብ ውጤታችን መልካም የሆነ ሰባት ተማሪዎች በሩን ሳንለካ ስምንት ወር ልንሠራ ነበር! በመጨረሻ ከርእሰ መምህራችን አስፈቅደን መስኮቱን ከነክፈፉ ነቀልን። ዘበኛችን ጋሼ ቆመው ሲመለከቱ፥ «ይኼስ ሳይበር ቤት አፈረሰ» አሉ።

ስለ ክብደቱም የጠየቁን አሉ። የእውነተኛው ክብደት ያለ ጭነት ወደ 4 ሺህ ኪሎ ነው። ርዝመቱ፥ ስፋቱና ከፍታው እያንዳንዱ በአሥር ሲከፈል ክብደቱ በሺህ ስለሚከፈል፥ የእኛ 4 ኪሎ መሆን ነበረበት። በሚዛን ስናወጣው 9 ኪሎ ሆነ። ስለዚህ ይበራል ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁን ታናናሽ ወንድሞቻችን መልሱ አይበርም ነው።

ወደ ቀለሙ እንምጣ። በምሥራቅ አፍሪካ የነበሩት ብዙዎቹ የኢጣልያ አይሮፕላኖች የለጋ ቅቤ መልክ ባለው ቀለም ይቀቡ ነበር፤ በክንፎቹም ላይኛ ገጽ ላይ ሰፋፊ ቀይ መስመሮች ይሣሉባቸው ነበር። ምክንያቱን ስናነብ ተደነቅን። አይሮፕላኑ በበረሃ ወይም በተራራ ላይ ቢወድቅ፥ ሊፈልጉት የሚመጡት ጓደኞቹ ከላይ ሆነው በቶሎ እንዲያዩት ነው። ከጠላት አይሮፕላን መደበቅ አላስፈለገውም፤ የሚፈራው አይሮፕላን አልነበረምና።

ነጩን ቀለም ከጥቂት ቢጫና ከአንድ ጠብታ ቡናማ ጋር ደባልቀን መልኩን አገኘነው። ቀዮቹን መስመሮች ለማውጣት ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን፤ ጠርዙ እንዳይጣመም ፕላስተር እየለጠፍን፥ እየቀባን፥ እየላጥን ሠራን። በጅራቱ ላይ አረንጓዴ፥ ነጭና ቀይ አደረግን። የፋሽስቱን የበትርና የመጥረቢያ ምልክት ለመሣል ስንደርስ ግን ከመካከላችን አንዱ ብሩሹን አስቀመጠ። የአባቱ አያት ማይጨው ዘምተው እግራቸው በመርዝ ጢስ ተልጦ ተመልሰዋል። ኢጣልያ በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ የተፈረመውን የመርዝ ጋዝ ክልከላ ውል ከፈረሙት አንዷ ስትሆን፥ ከታኅሣሥ 1928 ጀምሮ የሰናፍጭ ጋዝ የተባለውን መርዝ ከአይሮፕላን ጣለችብን፥ እንደ ዝናብም ረጨችብን። መርዙ እንደ ዘይት ሆኖ በሣሩና በቅጠሉ ላይ ስለሚቆይ በባዶ እግሩ የሚሄድ ዘማች ሳያውቀው ይረግጠዋል። ጓደኛችን፥ «እናንተ ሣሉት፥ እኔ ግን በእጄ አልሥለውም» አለ። አላስገደድነውም። ሦስቱን ፕሮፔለሮች የቀረጸው እርሱ ነው።

በዚህ ሁኔታ አለቀ ብለን አመንን። በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በትልቅ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው፤ የሚያየው ሁሉ ቀይ መስመሮቹን ያደንቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ የአንዱ ጓደኛችን ቅድመ አያት መጡ። እማማ ዕድሜያቸው ወደ መቶ የተጠጋ ሲሆን፥ ደሴ በተደበደበችበት ቀን የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ምርኩዛቸውን ይዘው በጠረጴዛው ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞሩ። እኛ ምስጋና ስንጠብቅ፥ «ምንድን ነው ይኼ?» አሉን። አይሮፕላኑ ነው አልናቸው። «እኔ እንዲህ ያለ አላየሁም» አሉ። ደነገጥን። ፎቶግራፎቹን አመጣንላቸው፤ ዓይናቸው ስለ ደከመ አላዩዋቸውም። ጥቂት አስበው፥ «እስኪ አንሡት፥ ልጆቼ» አሉ። ወንበር አምጥተን አስቀመጥናቸውና አራት ሆነን ሞዴሉን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገን ያዝነው። ቀና አሉ። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ፤ ክንዳችን ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያ በኋላ፥ «አዎን፥ እሱ ነው» አሉ፤ ቀጥለውም፥ «ግን ሆዱን አልጨረሳችሁትም» አሉን።

እውነታቸውን ነበር። ከክንፉ በላይ ሦስት ቅዳሜ የፈጀንበት ሰዎች፥ ከሥሩ በተረፈው ቀለም አንድ ጊዜ ብቻ ዳብሰነው ነበር፤ ስፌቱ ይታያል፥ ኮላው ተንጠባጥቦ ደርቋል። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ማን ያየዋል ብለን ነበር።

እማማ ከዚያ የነገሩንን እንደ ሰማነው እናቀርባለን። እናታቸው እጃቸውን ይዘው ወደ ቁልቋል አጥር ሥር ሲሮጡ ነጠላቸውን ገፈው ከሆዳቸው ሥር ደበቁት፤ ነጭ ልብስ ከላይ ይታያል ተብሎ ተነግሮ ነበርና። ብርድ ነበረ ኅዳር ስለ ሆነ። ልጅቱ ግን አትይ እየተባለች በቁልቋሉ መካከል አየች። «ሆዱ ጥቁር ነበር» አሉን እማማ። «እንደ አሞራ ጥቁር። ድምፁ ደግሞ እዚህ ነበር» ብለው በእጃቸው ደረታቸውን መቱ።

ይህ ነገር በመካከላችን ክርክር አስነሣ። ፎቶግራፉ የለጋ ቅቤ መልክ ነው ይላል፥ እማማ ጥቁር ነው ይላሉ። ገሚሶቻችን ጥቁር እንቀባው አልን፥ ገሚሶቻችን ሐሰት ይሆናል አልን። የፊዚክስ መምህራችንን ብንጠይቃቸው ወደ ሜዳ አወጡንና የሚያንዣብብ ጭልፊት አሳዩን። ብርሃን ከላይ ስለሚመጣ ወደ እኛ የዞረው ገጽ ጥላ ውስጥ ነው፤ በስተ ኋላው ያለው ሰማይ ደግሞ ብሩህ ስለ ሆነ ነጭ ነገር እንኳ ጥቁር መስሎ ይታያል አሉን።

ስለዚህ ቀለሙን ሳንለውጥ ቦታውን ለወጥን። ሆዱን እንደ ገና በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን፥ ስፌቱን ደፍነን፥ ሁለት ጊዜ ቀባነው፤ ከክንፎቹም ሥር ምልክቶቹን በልካቸው ሣልን። ይህ አራት ቅዳሜ ወሰደ፤ ከላዩ ይልቅ በአንድ ቅዳሜ ይበልጣል። ከዚያም እዚህ በመዝሙር መለማመጃችን አዳራሽ፥ ከፍ ባለው የምሥራቅ መስኮት ፊት ሰቀልነው። በዚህ ሰዓት እንደምታዩት፥ በእጃችን የለጋ ቅቤ መልክ የቀባነው ነገር ጥቁር ሆኗል።

እማማ ጉልበታቸው ስለማይፈቅድ ዛሬ አልመጡም። ባለፈው ሳምንት ግን ከመኪና አውርደን አስገብተናቸው ከሥሩ ተቀምጠው አይተውታል። ምንም አላሉም፤ ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ስንሸኛቸው ግን «አብሽሩ፥ ልጆቼ» ብለው መርቀውናል።

ጥያቄ ላቀረቡልን አባት እስከ ዛሬ በቃል የመለስነው የለም። ዛሬ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው እናያቸዋለን፤ ሲገቡም ቀና ብለው ነበር።

በመጨረሻ ሁለት ማሳሰቢያ አለን። የኋላው በር ሲከፈት ነፋስ ይገባና የአፍንጫው ፕሮፔለር ይዞራል፤ ሕፃናት እንዳይደነግጡ። ሽቦዎቹንም ከመስቀላችን በፊት ግማሽ ኩንታል ጤፍ አንጠልጥለንባቸው ሌሊቱን ስላሳደርን ከሥሩ የተቀመጣችሁ አትሥጉ። ቀዮቹን መስመሮች ለማየት የሚፈልግ እንግዳ ቢኖር ከታች አይታዩምና፥ መሰላሉ ከጋሼ ዘንድ ይገኛል።