ለመኖሪያ ቤት ሥራ የሚሆን እንጨት አመራረጥ

(ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ቤት ለመሥራት የተነሣ ሰው ወደ ባለሙያ ቀርቦ አስቀድሞ ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ «የትኛው እንጨት ይሻላል?» የሚል ነው። ባለሙያውም አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዛፍ ስም ጠርቶ ያሰናብተዋል። ጠያቂው ጥሪቱን አሟጦ፣ የዕቁብ ዕጣውን ጨምሮ የሚያቆመው ቤት ግን በዛፍ ስም ብቻ አይጸናም። ያው አንድ እንጨት ከጣራ ሥር ሆኖ የልጅ ልጅ እስኪያይ ሲያገለግል፣ ከአፈር ውስጥ ሲተከል ግን በጥቂት ክረምት ይበሰብሳል። ስለሆነም ጥያቄው መለወጥ ይኖርበታል፤ ይኸውም እንጨቱ በቤቱ ውስጥ የት ይቆማል? ምን ያህልስ ደርቋል? የሚል መሆን አለበት።

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የእንጨት ምርጫ ከጥንት ጀምሮ በአቅራቢያ ከሚገኘው ደን ጋር የተያያዘ ነው። ከተማዪቱ በተቆረቆረችበት ዘመን የጥድና የወይራ ደን እየተመነጠረ ስለራቀ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። አዲስ አበባን በቦታዋ ካጸኗት ምክንያቶች አንዱ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ከዚያ ወዲህ አጣናው፣ ማገሩና ወራጁ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ሆኗል። በዚያው ልክ ስሙ የጠፋ እንጨት ቢኖር እርሱው ነው፤ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ምስጥ ይበላዋል እየተባለ ይከሰሳል። ክሱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን አብዛኛው ጥፋት የዛፉ ሳይሆን የተጠቃሚው ነው።

ነገሩን ከመሬት መጀመር ይገባል። ጭቃ ቤት የሚሠራ ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ቋሚውን በቀጥታ ከአፈር ውስጥ ይተክለዋል። እንጨትን የሚያበሰብሰው የሻጋታ ወገን ለመኖር እርጥበትም አየርም ያሻዋል። ከውኃ ውስጥ ጠልቆ የኖረ እንጨት አየር ስለሚያጣ፣ ደረቅ እንጨት ደግሞ እርጥበት ስለማይኖረው፣ ሁለቱም ከዚህ ጥፋት ይድናሉ። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት በተግባር ከመበስበስ ነፃ ነው። አየርና እርጥበት ሳይለያዩ የሚገኙት ግን ከአፈሩ ገጽ አጠገብ ነው፤ ቋሚው ከላይም ከታችም ደኅና መስሎ ከመሬት ልክ ላይ ተቆርጦ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። በላስታ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንጨትና ድንጋይ በመደዳ እየተፈራረቀ የተሠራ ሲሆን፣ እንጨቱ ይህን ሁሉ መቶ ዓመት ሊቆይ የቻለበት አንዱ ምክንያት ሕንፃው በዋሻ ውስጥ ሆኖ ዝናብ ስለማይወርድበት ነው። ተራው ሰው ዋሻ የለውም፤ ነገር ግን ቋሚውን ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ማቆምና የጣራውን ክፈፍ ዘርጋ አድርጎ ማስወጣት ይችላል። ይህ ወጪ ከብርቅ እንጨት መግዣ ያነሰ ሆኖ ሳለ በበጀት ጊዜ መጀመሪያ የሚሰረዘው እርሱ ነው።

ምስጥም የሚመጣው ከዚያው ከመሬት ነው። በምዕራብ ወለጋ፣ በመንዲ አካባቢ ቤት ያሠራ ሰው ይህን ለማወቅ መምህር አያስፈልገውም። በቀድሞው ጎጆ ቤት የምድጃው ጢስ ወራጁንና ሣሩን እያጠቆረ ከነፍሳት ይጠብቀው ነበር። ቆርቆሮ መጥቶ፣ ማድ ቤቱም ተለይቶ ከወጣ በኋላ ያ ጠባቂ ቀርቷል፤ በምትኩ የተተካለት ነገር ግን የለም።

ምስጥን የሚቋቋም ቋሚ ሲፈለግ የአገሩ ጥድና ወይራ ይመረጣሉ። እዚህ ላይ ግን በሥራ ውሎች ዘንድ አንድ አደገኛ ቸልተኝነት ይታያል። «ጥድ» የሚለው ቃል በገበያ ላይ ለሁለት ዛፎች ያገለግላል። አንደኛው ልቡ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ሲፋቅ እንደ እርሳስ የሚሸተው የአገሩ ጥድ ነው፤ በእርግጥም የእርሳስ መሥሪያ ሆኖ በውጭ አገር የታወቀ ነው። ሁለተኛው ከመካከለኛው አሜሪካ ወገን የመጣውና ቶሎ የሚያድገው የፈረንጅ ጥድ ነው፤ እንጨቱ ገርጣ ያለ፣ ለሥራ የሚመች፣ ለጣራና ለኮርኒስ የተስማማ ነው፤ ከመሬት ውስጥ ለመተከል ግን አልተፈጠረም። በውሉ ላይ «ጥድ» ብሎ ብቻ የጻፈ ባለሙያ የፈረንጁ ጥድ ቀርቦለት ምስጥ ሲበላው አቅራቢውን ለመክሰስ መብት የለውም። ባለቤቱ ግን ባለሙያውን የሚወቅስበት በቂ ምክንያት ይኖረዋል።

የአገሩ ጥድም ቢሆን የሚታመነው በልቡ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለ ክፍል፣ የየትኛውም ዛፍ ቢሆን፣ ምስጥንም ብስባሴንም አይቋቋምም። ከለጋ ዛፍ የተቆረጠ አጣና አብዛኛው አካሉ ይኸው ነጣ ያለው ክፍል ስለሆነ፣ የዛፉ ዘር ምንም ይሁን ምን ከአፈር ጋር መገናኘት የለበትም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት በየሠፈሩ የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ ዘይቱ ከላይ ተለጥፎ ስለሚቀር እንጨቱ ሲሰነጠቅ ምስጡ በስንጥቁ ይገባል። የመብራትና የስልክ ምሰሶዎች የሚቆዩት መድኃኒቱ በግፊት ወደ ውስጥ ስለሚገባ ነው፤ እንዲህ ያለው መድኃኒት ደግሞ ለመኝታ ቤት አይደለም። በቤት ውስጥ ላለና ዝናብ ለማይነካው እንጨት የቦራክስና የቦሪክ አሲድ ውሕድ ይሻላል። ይህ ውሕድ እንጨቱ እርጥብ ሳለ በተነከረ ጊዜ ዘልቆ የሚገባ ነው።

ከዚህ በቀር ግን እርጥብ እንጨት ጠላት ነው። ገና የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከደረቅ አካሉ ክብደት ጋር የሚቀራረብ ውኃ ሊይዝ ይችላል። ይህን ለመለካት ብርቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከሞራሌው ጫፍ ራቅ ብሎ ናሙና ይቆረጣል፣ ይመዘናል፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም በ103 ዲግሪ ሙቀት ይደርቃል፣ ዳግመኛ ይመዘናል። 300 ግራም የነበረው 200 ግራም ከሆነ የጠፋው 100 ግራም ለደረቁ 200 ተካፍሎ እርጥበቱ 50 በመቶ ነው። እንጨት እርጥበቱ ከ30 በመቶ ገደማ ዝቅ ማለት ሲጀምር መኰማተርም ይጀምራል። ያም መኰማተር በቁመቱ ከቁጥር የማይገባ ሲሆን፣ በዓመት ቀለበቶቹ አቅጣጫ ግን ከመሐል ወደ ቅርፊት ከሚለካው እጥፍ ያህል ነው። መጣመምና መሰንጠቅ የሚወለዱት ከዚህ ልዩነት ነው። ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ 8 በመቶ ቢኰማተር 16 ሚሊ ሜትር ያጣል፤ በኮርኒሱ ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ማለት ነው።

ታዲያ አናጢው ለምን እርጥቡን ይመርጣል? ሥራውን ስለማያውቅ አይደለም። ደረቅ ባሕር ዛፍ ሚስማር ያጣምማል፣ መጋዝ ያደነዝዛል፤ አናጢውም የሚከፈለው በቀን ወይም በቁርጥ ነው። በእርጥቡ ላይ የተመታ ሚስማር ዕለቱን ጥብቅ ይመስላል፤ እንጨቱ ሲደርቅ ግን ይላላል፤ ጭነት ተሸክሞ የሚደርቅ ካፕሪያታም ከታሰበው በላይ ይረግባል። በየከተማው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ መሐሉ የዘመመ ጣራ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። መፍትሔው ከሚስማሩ ውፍረት ጥቂት በቀጠነ መሰርሰሪያ አስቀድሞ መብሳት ነው። ይህ የአናጢውን ጊዜ ስለሚወስድ ዋጋው በውሉ ውስጥ ተለይቶ ሊታሰብለት ይገባል፤ ካልታሰበለት አይሠራም።

ማድረቁ ራሱ ትዕግሥት እንጂ ገንዘብ አይፈልግም። አጣናው በተቆረጠ ሰሞን ተልጦ፣ ጣውላው በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ቀጭን እንጨት እየተጣለበት፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በጥላ ሥር ይከመራል። በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ የተጣለ ባሕር ዛፍ ከጫፉ ስለሚሰነጠቅ ጫፎቹን ቀለም መቀባት ይጠቅማል። ለጠንካራ እንጨት ለየ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል መመደብ የቆየ ልማድ ነው። የቦታ ካርታ ከመያዝ እስከ ግንባታ ፈቃድ የሚያልፈው ጊዜ ስንት እንደሆነ አባሎች ያውቁታል፤ እንጨቱ በዚያ ጊዜ ተገዝቶ ቢከመር ኖሮ ይደርቅ ነበር።

ስለ በርና መስኮት ብዙ ማለት አያሻም። ዋንዛ ቀላል፣ ለመላጊያ የሚመች፣ ከደረቀ በኋላም ቅርፁን የሚጠብቅ ስለሆነ ይመረጣል። ቀረሮና ዝግባ ለውስጥ ሥራ ይሆናሉ፤ ዝግባ ግን ዝናብና ምስጥ ካገኙት ቶሎ ይጎዳል። ወይራ ለወለል እጅግ ጠንካራ ነው። ይሁን እንጂ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና የአገሩን ጥድ በተለይ ጠቅሶ ከመቆረጥ ጠብቋቸው እንደነበር መዘንጋት አይገባም። የአዋጁ ቃል ከዚያ ወዲህ ቢለወጥም ያስወጣው ምክንያት አልተለወጠም። ከኮርኒስ በላይ ተሸፍኖ ለሚቀር ሥራ ዝግባን መጠየቅ ስሕተት ነው፤ በዚያ ቦታ የደረቀ የፈረንጅ ጥድ ወይም የደረቀ ባሕር ዛፍ ሥራውን ይወጣዋል።

በሥራ ውል ላይ «አንደኛ ደረጃ ጣውላ» የሚለው ሐረግ እስከ ዛሬ አልጠፋም። በእርሱ ፈንታ «የጣራ ተሸካሚ፤ የፈረንጅ ጥድ፤ እርጥበቱ ከ18 በመቶ ያልበለጠ፤ ሥራው ቦታ ላይ በናሙና ተመዝኖ የሚረጋገጥ» ብሎ መጻፍ ሁለት መስመር ብቻ ይወስዳል። ያን ጊዜ ተቆጣጣሪው እርጥቡን ጭነት ከነመኪናው ከበሩ ላይ ለመመለስ ሥልጣን ያገኛል።