የፎቶ መድኃኒት በራስ ስለ መቀመም
(የማኅበሩ ጸሐፊ ለነዋሪዎች ያደረጉት ንግግር)



እንደምታውቁት የሰፈራችን ወጣቶች ከየቤቱ የቆየ የፊልም ካሜራ አሰባስበው፣ የማኅበሩ ዕቃ ቤት ጨለማ ክፍል ይሁንልን ብለው ጠይቀውናል። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው መድኃኒት ኪስ ስለሚጎዳ በራሳችን እንቀምመው ብለዋል። እናቶች ደግሞ «መርዝ ሰፈር ልታስገቡብን ነው ወይ?» ብላችኋል። ሁለቱም ተገቢ ነው፤ እንነጋገርበት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በእንጨት ሣጥን ካሜራ ያነሡ የነበሩትን ታላላቆቻችን ያስታውሷቸዋል። እጃቸውን ሣጥኑ ውስጥ አግብተው ፎቶውን እዚያው ያጥቡት ነበር። መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ ምስሉን የሚያወጣው ዴቨሎፐርና ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር። ዛሬም ሥራው ይኸው ነው።

አሁን ሂሳቡን እንየው። ዲ-76 የሚባለው የኮዳክ ዴቨሎፐር ቀመሩ በሰፊው የታወቀ ነው፤ ምሥጢር የለውም። ለ1 ሊትር ሜቶል 2 ግራም፣ ውሃ የሌለው ሶዲየም ሰልፋይት 100 ግራም፣ ሃይድሮኪኖን 5 ግራም፣ ቦራክስ 2 ግራም ነው። አያችሁ? ከ109 ግራሙ 100ው ርካሹ ሰልፋይት ነው። ሜቶል 100 ግራም በጋራ ቢገዛ ለ50 ሊትር ይበቃል። ፊክሰሩም ቢሆን 250 ግራም ሃይፖ በውሃ ሟሙቶ 1 ሊትር ሲሞላ ይሠራል። በጠርሙስ ፈሳሹን ስንገዛ እኮ የውሃውንም ማጓጓዣ እየከፈልን ነው።

አሠራሩ ቅደም ተከተል ይፈልጋል። 750 ሚሊ ሊትር ውሃ 50 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። መጀመሪያ ሜቶል፣ ቀጥሎ ሰልፋይት፣ ከዚያ ሃይድሮኪኖን፣ በመጨረሻ ቦራክስ ይገባል፤ አንዱ ሳይሟሟ ሌላው አይጨመርም። ሰልፋይቱ ከቀደመ ሜቶሉ አልሟሟም ይላል። ከዚያ ውሃ ተጨምሮ 1 ሊትር ይሞላል። በሻይ ማንኪያ መገመት አይሆንም፤ ሚዛን ያስፈልጋል። የተበላሸ ፊልም አይመለስምና የቆጠብነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሄዳል።

በቡናም ይቻላል። በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሮቼስተር ከተማ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አንድ መምህርና ተማሪዎቹ ፊልምን በሚሟሟ ቡናና በልብስ ሶዳ አጥበዋል። ለዚህ የሚመረጠው ርካሹ ሮቡስታ ነው፤ የእኛው አረቢካ ለጀበና ይቆይልን። ፊክሰሩ ግን አይቀርም።

አሁን ወደ እናቶች ጥያቄ እንመለስ። ሃይድሮኪኖን ከተዋጠ መርዝ ነው፤ ሜቶል የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያሳክካል፣ ያቆስላል። ትልቁ አደጋ ግን የእኛው ልማድ ነው። ነጭ ጋዙም በረኪናውም በሃይላንድ ጠርሙስ ይቀመጣል አይደል? ዴቨሎፐር ገና ሲቀመም እንደ ውሃ ጠርቶ ይታያል፤ ሕፃን አንሥቶ ቢጠጣውስ?

ሌላው ወንዛችን ነው። ያገለገለ ፊክሰር ከፊልሙ የወጣ ብር ይይዛል። ብር ስንል ገንዘቡን አይደለም፣ ጌጥ የሚሠራበትን ነው። ለሣህን አጥባችን ጉዳት የሌለው ቢመስልም፣ ውሃ ውስጥ ለሚኖር ፍጥረት መርዝ ነው። ቱቦ ውስጥ የደፋነው ወደ አቃቂ ወንዝ ሊደርስ ይችላል። በአቃቂ ውሃ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ተመልሶ ወደ ገበታችን ነው።

በመሆኑም ክፍሉ እንዲሰጥ የምንስማማው በሚከተለው ነው።

1ኛ/ መድኃኒት በለስላሳም ሆነ በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጥም። በራሱ ዕቃ ሆኖ ስሙ፣ የተቀመመበት ቀንና «አይጠጣም» የሚል ይጻፍበታል፤ በቁልፍም ይቆለፋል።
2ኛ/ የወጥ ቤት ማንኪያ፣ ድስትና ሚዛን ክፍሉ አይገቡም። የገባም ወደ ወጥ ቤት አይመለስም።
3ኛ/ ሲቀመም ጓንት ይደረጋል፣ መስኮት ይከፈታል፤ በዚያ ክፍል አይበላም፣ አይጠጣም። በረኪና ከፊክሰር ጋር ፈጽሞ አይገናኝም።
4ኛ/ ያገለገለ ፊክሰር በጀሪካን ይጠራቀማል እንጂ አይደፋም። አወጋገዱን ከወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ጠይቀን እንወስናለን።

ወጣቶች፣ እነዚህን ለመፈጸም ቃል ከገባችሁ ቁልፉ የእናንተ ነው። እናቶችም በፈለጋችሁት ቀን ገብታችሁ እዩ፤ በሩ አይዘጋባችሁም። መጀመሪያ የሚታጠበው ፎቶ የሰፈራችን አረጋውያን ፎቶ ቢሆን ደስ ይለናል።