ሐኪም ስለ ራሱ ምን ያህል ይናገር?

(በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህሮቻችን፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼና የድሮ የዶርም ጓደኞቼ፣

አዘጋጆቹ “የፈለግሽውን ተናገሪ” ሲሉኝ፣ ተማሪ ሳለን በደንብ ያልተነጋገርንበትን፣ ሥራ ላይ ግን በየቀኑ የሚገጥመንን አንድ ጥያቄ መረጥኩ፦ ሐኪም ስለ ግል ሕይወቱ ለታካሚው ምን ያህል ይናገር?

የታካሚን ምስጢር መጠበቅ ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣውና በ2017 የተሻሻለው የጄኔቫ ቃል ኪዳን፣ ታካሚው ከሞተ በኋላም ምስጢሩን እንድንጠብቅ ያስገድደናል። ስለ ራሳችን ጓዳ ግን ዝም ነው። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” የተባለውም ለታካሚው እንጂ ለእኛ አይደለም።

የእኛ አገር ታካሚ ደግሞ ይጠይቃል። መጀመሪያ “ሲስተር” ይለናል፤ ሴቶቹ ታውቁታላችሁ። ዶክተር መሆናችንን ሲረዳ ደግሞ ይቀጥላል፦ “አግብተሻል? ወልደሻል? የየት አገር ልጅ ነሽ?” ይሄ ነውር አይደለም። ሰው ገላውን ለማያውቀው ከማሳየቱ በፊት ማን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። ፊትን አጥቁሮ ማለፍ እሱን ማስቀየም ነው።

ስለ ራስ መናገር የሚጠቅምበት ጊዜም አለ። አንዲት እናት የደም ግፊት መድኃኒት “ዕድሜ ልክ” መሆኑን ሲሰሙ እምቢ አሉኝ። “እማማ፣ እኔም እኮ በየቀኑ እውጣለሁ” አልኳቸው። “አንቺም ልጄ?” ብለው ቀና አሉ። በደንብ መነጋገር የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። ወዲያው ግን “እንግዲያው አንቺ የምትውጪውን ስጪኝ” አሉ። አያችሁ፣ ድንበሩ እዚህ ጋ ነው። መድኃኒት የሚመረጠው በራሱ በታካሚው ዕድሜ፣ ኩላሊትና ሌላ ሕመም ነው፤ ለብዙዎች የሚስማማው ኢናላፕሪል ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ስለዚህ መዋጤን እንጂ የመድኃኒቱን ስም አልነገርኳቸውም፤ ወደ እሳቸው ካርድ ተመለስን።

ይህች “ተመለስን” የምትለው ቃል ቀላል አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት፣ ታካሚ መስለው ሐኪም ዘንድ የቀረቡ ሰዎች በድምፅ የቀዷቸውን 113 ምርመራዎች ፈትሾ ነበር። በሲሶው ያህል ሐኪሙ ስለ ራሱ አውርቷል። ከዚያ ወሬ ውስጥ ታካሚው ወደ ጀመረው ጉዳይ የተመለሰው አንድ አምስተኛው ገደማ ብቻ ነው። ሐኪሞቹ ለመቀራረብ ብለው ይሆናል፤ ወሬው ግን ይዟቸው ሄደ።

“የየት አገር ልጅ ነሽ?” የሚለው ግን ዛሬ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ስምንት አልጋ ባለበት ዋርድ፣ አንዱን የሚያጽናና መልስ ጎረቤቱን ሊያስደነግጥ ይችላል። እኔ “ያደግኩት ሆስፒታል ውስጥ ነው” ብዬ አስቃቸዋለሁ። ከዚያ “እርስዎስ ከየት መጡ?” እላለሁ። ከመተማ ወይም ከሁመራ ከሆነ ካላዛርን እንዳስብ ይረዳኛል። የእሱ አገር ለሕክምናው ያስፈልጋል፤ የእኔ አያስፈልግም።

የግል ክሊኒክ የከፈታችሁ ደግሞ ሌላ ፈተና አለባችሁ። “ሰው የሚመጣው ሐኪሟን ሲያውቃት ነው፤ ቤተሰብሽን አሳዪ” የሚል መካሪ አይጠፋም። የልጅ ፎቶ ገበያ ያመጣ ይሆናል። ነገር ግን ቃለ መሐላ የገባሁት እኔ እንጂ ልጄ አይደለችም፤ አድጋ ፊቷን በክሊኒክ ማስታወቂያ ላይ ስታገኘው ምን እላታለሁ? የእናቴ ሕመምም የእናቴ ነው። የራሴን ልሰጥ እችላለሁ፤ የእነሱን ግን ሳላስፈቅድ አልሰጥም።

እንግዲህ እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህን የምናገረው ለማን ብዬ ነው? ለታካሚው ከሆነ በአጭሩ ተናግሬ እመለሳለሁ። ደክሞኝ፣ ከፍቶኝ ወይም መወደድ ፈልጌ ከሆነ ግን ለዚያ እናንተ አላችሁልኝ። ለታመመ ሰው አላሸክመውም።

መምህሮቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችሁን የታካሚን ታሪክ መቀበል በሚገባ ታስተምራላችሁ፤ የራስን ታሪክ መቼ መስጠት፣ መቼ መያዝ እንደሚገባም አልጋው አጠገብ አሳዩልን።

የዓመት ሰው ይበለን!