ገበያ ያጣ ሙያን ስለ ጠበቀ ሰው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



ለዚህ በዓል እስክስታ ስንለማመድ ከመካከላችን አንዱ፣ «ፈተና በደረሰበት ሰዓት ይህ ምን እንጀራ ይሆነናል?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ስለዚህ መልሱን በአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ልናስረዳ አሰብን። ይህም ሰው ቻርልስ ኮልስ የተባለ፣ ወዳጆቹ «ሆኒ» እያሉ የሚጠሩት ጥቁር አሜሪካዊ የታፕ ጨፋሪ ነው። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታፕ ማለት ከጫማ ሥር በጣትና በተረከዝ በኩል ብረት ተመትቶ፣ ወለሉን እንደ ከበሮ እየመቱ የሚጨፍሩት ጭፈራ ነው። ተመልካቹ በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮውም ይከታተለዋል። ከአፍሪቃ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ምትና ከአየርላንድና ከእንግሊዝ የተሰደዱ ድኾች የእግር ጭፈራ በአሜሪካ ምድር ተገናኝተው የወለዱት ነው። በሳውዝ ካሮላይና ባሮች በ1739 ካመፁ በኋላ፣ በ1740 የወጣው ሕግ ከበሮ እንዳይመቱ ከለከላቸው። ዳሩ ግን ከበሮው ቢወሰድም እጅና እግር አልተወሰደምና ምቱ በሰውነታቸው ላይ ኖረ።

ኮልስ በ1911 በፊላደልፊያ ከተማ ተወለደ። ጭፈራውንም የተማረው በመንገድ ዳር ከእኩዮቹ ጋር ሲወዳደር ነው። በሃያ ዓመቱ ገደማ ከሁለት ጨፋሪዎች ጋር ወደ ኒውዮርክ ሄደ፤ ነገር ግን ባልንጀሮቹ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ቀጠሩ። እሱም ወደ ፊላደልፊያ ተመልሶ ልምምዱን አጠበቀ። በ1932 ኒውዮርክ ዳግመኛ ሲገባ ስለ እግሩ ፍጥነት የሚወራለት ሰው ሆነ።

በ1940 በካብ ካሎዌይ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ቾሊ አትኪንስን ተዋወቀ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ሁለቱ አብረው መድረክ ላይ ይወጡ ጀመር። በዚያ ዘመን ጥቁር ተጫዋች በነጮች ፊት ሲቆም ራሱን መሳቂያ እንዲያደርግ ይጠበቅበት ነበር። እነሱ ግን በሚገባ የተሰፋ ልብስ ለብሰው፣ በክብርና በጨዋነት ይጨፍሩ ነበር። ከሁሉም ይልቅ ስማቸውን ያስጠራው እጅግ በዝግታ የሚጨፍሩት ጭፈራ ነው። ፍጥነት ስሕተትን ይሸፍናል፤ ዝግታ ግን ምንም አይሸፍንም።

በ1949 በኒውዮርክ የቴአትር ሰፈር በብሮድዌይ በአንድ ታላቅ የሙዚቃ ቴአትር ላይ ተሰለፉ። ይሁን እንጂ ዘመኑ መዞር ጀምሮ ነበር። ትልልቆቹ የሙዚቃ ጓዶች ተበተኑ፤ ብሮድዌይ ወደ ባሌት አዘነበለ፤ ከ1944 ጀምሮ በምሽት ክበቦች ላይ ከባድ ግብር ተጣለ፤ ሕዝቡም ቤቱ ተቀምጦ ቴሌቪዥን መመልከትን ለመደ። የታፕ ጨፋሪ ሥራ አጣ።

ታዲያ ምን አደረጉ? አትኪንስ ሞታውን ለተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ዘፋኞች ርምጃ አስተማሪ ሆነ። ኮልስ ደግሞ ከ1960 ገደማ ጀምሮ በሐርለም በሚገኘው በአፖሎ ቴአትር የመድረክ ሥራ ኃላፊ ሆኖ ተቀጠረ። ትናንት መብራት ይበራለት የነበረው ሰው ለሌላው መብራት የሚያስበራ ሆነ። እንጀራውን አልናቀም፤ ሙያውንም አልጣለም። ታላቁ ጨፋሪ ቢል ሮቢንሰን በ1949 ከሞተ በኋላ ለመታሰቢያው በተቋቋመው «ኮፓሴቲክስ» በተባለው ማኅበር ውስጥ ከቀድሞ ጓደኞቹ ጋር መጨፈሩን ቀጠለ።

በ1970ዎቹ ወጣቶች ይህን ጭፈራ ፍለጋ ሲነሡ ሽማግሌዎቹን በሙያቸው ላይ አገኟቸው። ብሬንዳ ቡፋሊኖ የተባለችው ጨፋሪ ከኮልስ ተምራ፣ አብራውም መድረክ ላይ ወጥታ፣ በ1986 በኒውዮርክ የራሷን የታፕ ቡድን አቋቋመች። በመንገድ ዳር የተማረው ሰው በዬልና በኮርኔል ዩኒቨርሲቲዎች አስተማረ። በ1983 በ72 ዓመቱ፣ «ማይ ዋን ኤንድ ኦንሊ» በተባለው ቴአትር «ቶኒ» የተባለውን ታላቅ ሽልማት ተቀበለ። በ1991 የአገሩ መንግሥት ብሔራዊ የኪነ ጥበብ ሜዳይ ሸለመው፤ በሚቀጥለውም ዓመት ዐረፈ።

እስቲ እናስብ፤ ሥራው በታጣበት ዘመን ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ጥለው ቢሆን ኖሮ ወጣቶቹ ማንን ባገኙ ነበር? ፊልም ርምጃውን ያሳያል እንጂ «እግርህ ዘገየ፤ ድገመው» አይልም። እንዲህ ያለው ሙያ ከሰው ወደ ሰው ካልተላለፈ ይቋረጣል።

እኛም እስክስታን የተማርነው ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን ትከሻ እንጂ ከመጽሐፍ አይደለም። ስለዚህ ለጠየቀን ጓደኛችን መልሳችን ይህ ነው፦ ፈተናውን እናጥና፤ ነገም የእንጀራ ሥራችንን እንያዝ፤ ነገር ግን ገበያ ስላልጠራው ብቻ የተቀበልነውን ሙያ አንጣል። ወላጆቻችን ሆይ፤ እናንተም የምታውቁትን ሳትሰለቹ አሳዩን፤ ስንሳሳትም «ድገሙት» በሉን። የሚቀጥለውን በዓል የሚያከብሩ ታናናሾቻችን ከእኛ የሚማሩት እንዳያጡ አደራ አለብን።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ እንመኛለን።