ከቤቱ ችካል በፊት የመንገዱ ችካል
(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር)





በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ርስት እንዲያካፍለው ለለመነው ሰው ጌታችን የሰጠውን መልስ ታውቃላችሁ። ይሁን እንጂ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ባሉ አጥቢያዎቻችን የንስሐ አባት ከዚህ ሸክም አላመለጠም። አባት ያርፋል፤ ተዝካሩ ሳይወጣ ልጆቹ በግቢው ይጣላሉ፤ ካህኑም ከሽማግሌዎች ጋር ይጠራል።

ጠቡ በቦታ ጥበት የመጣ ይመስላል። ቀርበን ስናየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የመውጫ ነው። መንገድ ዳር የደረሰው ልጅ በሩንም፣ ቧንቧውንም፣ ቆጣሪውንም ይዞ ይቀራል። ከኋላ የደረሰው ውኃ ለማስገባት የወንድሙን ግቢ መቆፈር፣ መብራት ለማስገባት በወንድሙ ጣራ ላይ ሽቦ ማሳለፍ ግድ ይሆንበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መውጫ ላጣ ቦታ በጎረቤት መሬት የማለፍን መብት ይሰጣል፤ ነገር ግን ግድግዳ ከቆመ በኋላ የሚገኝ መተላለፊያ በክርክርና በካሳ የሚገኝ ነው።

ለምሳሌ ፊቱ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 25 ሜትር የሆነ ቦታ እናስብ። ባለቤቱ ቤቱን ከአጥር እስከ አጥር ዘርግቶ መካከል ላይ ቢያቆመው፣ ቦታው 250 ካሬ ሜትር ቢሆንም ለሁለት ሊከፈል አይችልም። ቤቱን ወደ አንድ ወገን አስጠግቶ በሌላው ወገን 3 ሜትር ቢተው ግን ያ ስፋት ዛሬ የጌሾና የጎመን መደብ፣ ነገ የልጁ መንገድ ይሆናል። ከሥሩ የውኃው መስመርና የጎርፉ ቦይ ያልፋሉ። የሬሳ ሣጥን ሳያጋድል የሚወጣውም በእርሱ ነው፤ ይህን ለፍትሐት ጠባብ ግቢ የገባ ካህን ያውቀዋል። ከተማው ከሚፈቅደው ዝቅተኛ ስፋት በታች የተሸነሸነ ቦታ የራሱ ካርታ ስለማያገኝ፣ ልኩን አስቀድሞ ከማዘጋጃ ቤት መጠየቅ ይገባል። ብዙዎች ይህን የሚያደርጉት ቤቱን ከጨረሱ በኋላ ነው።

ባሕር ዳር ራሷ ለዚህ ምስክር ናት። በ1950ዎቹ ጀርመናውያን ባለሙያዎች ፕላን ሲያወጡላት ትንሽ ከተማ ነበረች። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ የተሠሩትም በእነዚያው ዓመታት ነው። ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች ለዚያን ጊዜው ሕዝብ ትርፍ ሳይመስሉ አልቀሩም፤ ከተማዋ ስታድግ ግን መስመር መዘርጊያ ሆኑ። ያለ ፕላን በተሠሩ የጨረቃ ቤቶች ሰፈር መስመር ለማስገባት አስቀድሞ የሚፈርሰው ቤት ይፈለጋል።

ከሁሉ የሚከብደው የፍሳሹ ነገር ነው። ከተማችን ሜዳ ናት፤ የከርሰ ምድሩ ውኃም ቅርብ ነው። የመጸዳጃ ጉድጓድ በልማድ ከጓሮ ይቆፈራል። ቦታው ሲከፈል ያ ጓሮ የሌላው ልጅ ደጃፍ ይሆናል፤ ፍሳሽ የሚመጥ መኪናም አይደርስበትም። ሞልቶ የፈሰሰው ወደ ጣና ወይም ወደ ዓባይ ይወርዳል። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ዝርዝር የመዘገበው ይህ ሐይቅ በእምቦጭ ሲታመም አይተናል፤ አረሙን ከሚያፋፉት አንዱ ከከተማ የሚገባው ፍሳሽ ነው። ስለዚህ ጉድጓዱ ከመንገድ በኩል፣ መኪና በሚደርስበት፣ ከውኃ ጉድጓድም ርቆ ይቆፈር።

ለሚመጣው ትውልድ ሲባል መሬትን በሥርዓት መያዝ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዘጌ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን መሬቱ በበሬ አይታረስም፤ ቡናውን የሸፈነው ደን እስከ ዛሬ የቆየው በዚያ ክልከላ ነው። እኛ የምንጠይቀው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ 3 ሜትር።

በቤተ ክርስቲያን ይዞታ ላይም ነገሩ ያው ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለአምልኮ በምደባ የተሰጠ ቦታ ላይ የአገልጋዮች መኖሪያ ወይም የሚከራይ ቤት ሲታሰብ በቅድሚያ ፈቃድ ይጠየቅ። ከዚያም መተላለፊያው፣ ቦዩና የውኃው መስመር በንድፍ ላይ ይሰመሩ፤ መስመሩ መካነ መቃብሩንና የዐጸዱን ነባር ዛፎች ይለፋቸው። ለዛሬ 4 ቤት ብቻ ቢሠራም ቧንቧው ነገ ለሚጨመሩት የሚበቃ ይሁን፤ የተቀበረን ቧንቧ ቆፍሮ መለወጥ ከመጀመሪያው የዋጋ ልዩነት ይበልጣል።

የንስሐ አባቶች ሆይ፤ ኑዛዜ ሲጻፍ በአጠገቡ የምትገኙት እናንተ ናችሁ። ለማን ምን እንደ ደረሰ ከተጻፈ በኋላ፣ የኋለኛው በየት እንደሚወጣ ጠይቁ። ተናዛዡ በቃሉ ሳለ መተላለፊያው ከየትኛው አጥር እስከ የትኛው ግድግዳ እንደ ሆነ ያሳይ፤ ስፋቱ በሜትር ይጻፍ። «የሚበቃ መውጫ» ተብሎ የተጻፈ ኑዛዜ ወንድማማቾችን ፍርድ ቤት ያደርሳል። ንድፉም፣ በእጅ የተሣለ እንኳ ቢሆን፣ ምስክሮች ፈርመውበት ከኑዛዜው ጋር ይያያዝ።